የክራፒናው ጎን አጥንት፦ ታማሚው በሌለበት የተደረሰበት ምርመራ

ዛግሬብ ባለው የክሮኤሺያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ 120.71 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው አንድ ስብርባሪ አለ። የጎን አጥንት ቁራጭ ነው። ርዝመቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር አያልፍም። ባለቤቱ ከ120,000 ዓመት በላይ በፊት የኖረ ኒያንደርታል፣ ማለትም ዛሬ ከጠፋው የሰው ዘር ዘመድ አንዱ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ከዚህ ቁራጭ አይታወቅም። የዚሁ ሰው ነው ተብሎ አብሮ የተቀመጠለት ሌላ አጥንትም የለም።

በ2013 ስድስት ተመራማሪዎች ስለዚህ ቁራጭ ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ድምዳሜያቸው አጥንቱ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ነበረበት የሚል ነው። ይህ የጠፋ የድሮ በሽታ አይደለም። ዛሬም ራዲዮሎጂስቶች ለሌላ ጉዳይ የተነሳ ራጅ ሲያዩ ድንገት የሚያገኙት የአጥንት ችግር ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩት በጥንታዊነቱ ብቻ አይደለም። እዚህ ምርመራ ላይ ታማሚ የለም። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?" ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። የሚቀዳ ደም የለም። የሚታይ ቆዳ የለም። የቀረው አጥንቱና የአጥንቱ ምስል ነው። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ደግሞ ከምስል ብቻ ብዙ የሚነበብበት ሕመም ነው። ምስል የት ድረስ እንደሚወስድና የት ላይ እንደሚያቆም ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም።

አጥንቱ ከየት መጣ

ክራፒና ከዛግሬብ በስተሰሜን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ሁሽኛኮቮ የሚባል ኮረብታ አለ። ድራጉቲን ጎርያኖቪች ክራምበርገር የተባለ ክሮኤሺያዊ ጂኦሎጂስት ከ1899 እስከ 1905 በኮረብታው ላይ ያለውን የዋሻ መጠለያ ቆፈረ። ወደ 900 የሚጠጉ የኒያንደርታል አጥንቶች አወጣ። ከአንድ ቦታ ከተገኙ የኒያንደርታል ስብስቦች ትልልቆቹ ውስጥ የሚቆጠር ነው። በኋላ በተደረገ የዕድሜ ልኬት 130,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ችግሩ ሙሉ አጽም አለመኖሩ ነው። የብዙ ሰዎች አጥንት ተሰባብሮና ተቀላቅሎ ነው የተገኘው። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ ላይ ምርመራውን የሚያስረው ይኸው ነው።

ክራምበርገር ሌላም ያደረገው ነገር አለ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ነው። ከዚያ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ ክራምበርገር የክራፒናን ቅሪቶች በራጅ ማንሳት ጀመረ። በዚያ ዘመን ራጅ ለሐኪሞችም ብርቅ ነበር። ልማዱ አልተቋረጠም። ከረጅም ጊዜ በኋላ መላው ስብስብ በራጅ ተነስቶ ሥራው በ1999 ታተመ። ከሠሩት መካከል ራዲዮሎጂስቱ ሞሪ ክሪከን፣ አንትሮፖሎጂስቶቹ ጃኔት ሞንጅና አለን ማን፣ እንዲሁም የሙዚየሙ ሰው ያኮቭ ራዶቭቺች ይገኙበታል። አራቱም ከ2013ቱ ስድስት ጸሐፊዎች ውስጥ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ዳቮርካ ራዶቭቺችና ዴቪድ ፍሬየር ናቸው።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ የአጥንት ራዲዮሎጂስት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነኝ። የቅሪተ አካል ሰዎች አጥንትን ከውጭ በማንበብ የተካኑ ናቸው። የታመመ አጥንት ውስጡ ምን እንደሚመስል በየቀኑ ሲያይ የኖረ ዓይን ግን ሌላ ነው።

ሕመሙ ራሱ

አጥንት ዝም ብሎ የቆመ ነገር አይደለም። አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተሠራ ይኖራል። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ላይ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት በቅጡ ሳይበስሉ ይቀራሉ። መቅኔውና የውስጠኛው ወንፊት መሰል አጥንት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ክር ክር ያለ ሥጋ ይሞላል። በመሃሉ ጥቃቅን ያልበሰሉ የአጥንት ስንጣሪዎች ይበታተናሉ። እድገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ አጥንቱ ያብጣል፣ የውጭው ቅርፊት ደግሞ ይሳሳል። እንዲህ ያለ አጥንት ሊታጠፍ ይችላል፤ ሊሰበርም ይችላል። ወይም ዕድሜ ልክ ምንም ሳይል ሊኖር ይችላል።

መንስኤው የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጂናስ የሚባል ጂን አለ። የሚሠራው ፕሮቲን ከውጭ የመጣ የሆርሞን መልእክትን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋል። በዚህ ጂን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 201ኛው ቦታ ላይ፣ ለውጥ ሲፈጠር ፕሮቲኑ መልእክት ሳይመጣም መሥራቱን ይቀጥላል። ሕዋሱ ያለማቋረጥ የታዘዘ ይመስለዋል። የአጥንት ሕዋሳት መብሰል ያቅታቸዋል።

ለውጡ ከወላጅ አይመጣም። ወደ ልጅም አይተላለፍም። ፅንስ ከተፈጠረ በኋላ በአንድ ሕዋስ ላይ ይከሰትና የዚያ ሕዋስ ዝርያዎች ብቻ ይሸከሙታል። ስለዚህ ሰውየው ከሁለት ዓይነት ሕዋስ የተቀየጠ ይሆናል። ለውጡ ቀደም ብሎ ከመጣ ብዙ አጥንቶችን፣ ቆዳንና ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችን ይነካል። ዘግይቶ ከመጣ ምናልባት አንድ አጥንት ብቻ። ብዙ ሰው ላይ የሚታየው የአንድ አጥንቱ ዓይነት ነው። አጥንትን፣ ቆዳንና ሆርሞንን አንድ ላይ ሲይዝ ማኪዩን ኦልብራይት ሲንድረም ይባላል። ስያሜው በ1936 እና በ1937 ስለ ችግሩ ከጻፉት ሁለት ሐኪሞች የመጣ ነው።

ወደ ጎን አጥንት እንመለስ። ካንሰር ካልሆኑት የጎን አጥንት እጢዎች መካከል በብዛት የሚገኘው ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ነው። የደረት ራጅ ለሳል ወይም ለሥራ ቅጥር ተነስቶ አንዱ ጎን አጥንት አብጦ ሲታይ መጀመሪያ ወደ አእምሮ ከሚመጡት አንዱ እሱ ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም። ግን ምርመራ ከዜሮ አይጀምርም። ቦታው ራሱ ይናገራል። ተመራማሪዎቹም ዛሬ በሕይወት ባለ ሰው ጎን አጥንት ላይ የትኛው እጢ እንደሚበዛ ከግምት አስገብተዋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ሕመም ነው ወይስ ጉዳት?

መሬት ውስጥ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ የተቀበረ አጥንት ላይ ቀዳዳ ማግኘት አይገርምም። አፈር ይጫነዋል። ውሃ ያጥበዋል። የዕፅዋት ሥር ይገባበታል። አውሬ ያኝከዋል። የቆፋሪ መሣሪያ ይነካዋል። ክራፒና ላይ ደግሞ አጥንቶቹ በጣም የተሰባበሩ ስለሆኑ ክራምበርገር ራሱ ሰው ሰውን በልቷል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ያ ክርክር እስከ ዛሬ ይነሳል።

ስለዚህ ማንም ሰው የሕመም ስም ከመጥራቱ በፊት ጉድለቱ ሰውየው በሕይወት እያለ የመጣ መሆኑን ማሳየት አለበት። ምልክቱ የአጥንቱ ምላሽ ነው። የሞተ አጥንት አያብጥም። ቅርፊቱን አሳስቶ ወደ ውጭ አይገፋም። በጉድለቱ ዙሪያ ራሱን አያስተካክልም። በ120.71 ላይ ቅርፊቱ በከፊል ተሰብሮ ውስጡ ይታያል። ስብራቱ ከሞት በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከስብራቱ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ መኖር የነበረበት ወንፊት መሰል አጥንት የለም። አጥንቱም ተነፍቷል።

ተራ ራጅ አጥንትን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያሳየው። የፊቱ ከኋላው ላይ ይደረባል። አፈርና ማዕድን የገባበት ቅሪት ላይ ይህ ያሳስታል። ለዚህ ነው ቡድኑ ከራጁ በተጨማሪ ማይክሮ ሲቲ የተጠቀመው። ማይክሮ ሲቲ ከሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ጋር በአሠራር አንድ ነው፤ የሚቆርጣቸው ምስሎች ግን እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ጨረሩም ሕይወት ላለው ሰው የሚሆን አይደለም። ለድንጋይ የቀረበ አጥንት ግን ምን ይሆናል? አጥንቱ ሳይቆረጥ ውስጡ ተገልብጦ ይታያል። በጤናማ የክራፒና ጎን አጥንቶች አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይወራም። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ በራጅ የሚታወቅበት ዋናው መልክ ጭጋግ የለበሰ መስታወት የሚመስል ወጥ ግራጫነት ነው። ግራጫው የሚመጣው ክር መሰሉ ሥጋ ውስጥ ከተበተኑት ጥቃቅን የአጥንት ስንጣሪዎች ነው። ስንጣሪዎቹ ከመብዛታቸውና ከመድቀቃቸው የተነሳ ራጁ አንድ በአንድ ሊያሳያቸው አይችልም። ቅሪተ አካል ላይ ሥጋው በስብሶ ከጠፋ ቆይቷል። ይዟቸው የነበረው ነገር ሲጠፋ ስንጣሪዎቹም መቆሚያ የላቸውም። ስለዚህ ዛሬ ያለ ራዲዮሎጂስት አንደኛ የሚፈልገው ምልክት እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። የቀሩት ሌሎቹ ናቸው፦ የአጥንቱ መነፋት፣ የቅርፊቱ መሳሳት፣ የወንፊቱ መጥፋት፣ የጉድለቱ ድንበር ጥርት ማለት።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች

እውነተኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው። "ይመስላል" ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ሌሎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ነው። ከታች የምዘረዝረው እንዲህ ያለ ጎን አጥንት በሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ የሚነሳውን ክርክር ነው።

ስብራት ይነሳል። የጎን አጥንት ቶሎ ይሰበራል፤ ሲድንም ቦታው ያብጣል። የዳነ ስብራት እብጠት ግን የሚሠራው ከአዲስ አጥንት ነው። ቦታው የመጠቅጠቅ እንጂ ባዶ የመሆን ዝንባሌ የለውም። የክራፒና ሰዎች ጉዳት ያውቁ ነበር፤ የራስ ቅላቸው ላይ የዳኑ ምቶች ተገኝተዋል። ይሄኛው ግን እንደዚያ አይነበብም።

የአጥንት ኢንፌክሽን ይነሳል። መግል የያዘ አጥንት ብዙውን ጊዜ ውጭውን አዲስ አጥንት በንብርብር ይለብሳል። መግሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ይከፍታል። ውስጡ የሞተ የአጥንት ቁራጭ ይተዋል። ቅርፊትን በልኩ አሳስቶ አጥንቱን ቀስ ብሎ መንፋት የእሱ ጠባይ አይደለም።

ካንሰር ይነሳል። ሰው ሁሉ የሚፈራውም ይህንን ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስቶ ወደ ጎን አጥንት የሚዘምት ካንሰር፣ ወይም ከአጥንቱ ራሱ የሚነሳ ክፉ እጢ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቸኩላል። ቅርፊቱን በልቶ ያልፋል። ድንበሩ የተቀደደ ነው። አጥንቱ ራሱን ለማስተካከል ጊዜ አያገኝም። ቅርፊት ሳስቶ ነገር ግን እየተገፋ አብሮ ከሰፋ፣ ነገሩ በዝግታ ያደገ ነው ማለት ነው። አጥንት ሲነበብ ፍጥነት ከሁሉም በላይ የሚናገር ምልክት ይመስለኛል።

ኤንኮንድሮማ የሚባለው የልም አጥንት እጢ ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራል። እሱም በዝግታ ያድጋል፤ እሱም አጥንቱን ይነፋል። ጎን አጥንት ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልም አጥንቱና አጥንቱ የሚገናኙበት የፊተኛው ጫፍ አካባቢ ነው። በውስጡም የካልሲየም ነጠብጣቦች ይኖሩታል። የአጥንት ከረጢት፣ ማለትም በፈሳሽ ወይም በደም የተሞላ ባዶ ቦታ፣ ልጆችና ወጣቶች ላይ ይበዛል፤ እሱም ቅርፊት ያሳሳል። የፓጄት በሽታ አጥንቱን ያሰፋል፤ ግን ቅርፊቱን ያወፍራል እንጂ አያሳሳም። ፓራታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣው እጢም ባዶ ቦታ ይፈጥራል፤ እሱ ግን ሌሎች አጥንቶችንም አሳስቶ ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ክርክር በራጅና በማይክሮ ሲቲ ምስል ላይ ነው የቆመው። ጸሐፊዎቹ የመጀመሪያው እርግጠኛ የኒያንደርታል ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ነው ብለው አቀረቡት። እኔ "እርግጠኛ" የሚለውን በትንሹ ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው። ማይክሮስኮፕ ያላየው እጢ ላይ መቶ በመቶ የሚባል ነገር ብዙም አይኖርም። ግን ከቀረቡት ስሞች ሁሉ ለዚህ አጥንት የሚስማማው ይህ ነው ቢባል የሚያከራክር አይመስለኝም።

ያልተባለው

የጉዳዩ ጥንካሬ ለኔ ጸሐፊዎቹ ያልተሻገሩት መስመር ላይ ነው። ቁራጩ ሙሉ ስላልሆነ እጢው የሰውየውን ጤና እንዴት እንደነካው መናገር አይቻልም ብለዋል። ይህ ሕመም ዛሬም ምንም ምልክት ካለማሳየት እስከ ከባድ የአካል ጉዳት ይዘረጋል። የእነሱ ኒያንደርታል በዚህ መስመር ላይ የት ቆሞ ነበር? አንድ ቁራጭ ጎን አጥንት አይመልሰውም።

ሁለተኛውም ጥያቄ እንዲሁ ነው። አንድ አጥንት ብቻ ነበር የተያዘው ወይስ ብዙ? አጥንቶቹ ተቀላቅለዋል ብዬ የነበረው ለዚህ ነው። ምናልባት የዚሁ ሰው የጭን አጥንት እዚያው ስብስብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የማን እንደሆነ ግን ማገናኘት አይቻልም። ቆዳ የለም፤ ስለዚህ የማኪዩን ኦልብራይት የቆዳ ምልክት የሆነው ቡናማ ነጥብ መኖር አለመኖሩ አይታይም። የሆርሞን ልኬት የለም። ማኪዩን ኦልብራይት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሳቱ ይዘጋል።

ጋዜጦቹ ግን እንዲህ አልታገሡም። ዜናው በወጣበት ሰሞን "የኒያንደርታል ካንሰር" የሚል አቀራረብ በየቦታው ታይቷል። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ካንሰር አይደለም። ወደ ሌላ አካል አይዘምትም። ወደ ካንሰር የሚለወጠው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ1 በመቶ በታች ነው። እጢ የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው ቶሎ ይደነግጣል። ዛሬ ውጤቱን ይዞ የሚወጣ ታማሚም በዚሁ ምክንያት እንቅልፍ ያጣል።

ዜናው ሰበር የሆነበት ምክንያትም ነበረ። እስከዚያ ድረስ የሚታወቁት ጥንታዊ የሰው አጥንት እጢዎች ጥቂት ሺህ ዓመታት ብቻ ያስቆጠሩ ነበሩ። ይህ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። መዝገቡ ግን ብዙ አልቆየም። በ2016 ከደቡብ አፍሪካ ሁለት ግኝቶች መጡ። አንደኛው ስዋርትክራንስ ዋሻ የተገኘ የእግር አጥንት ላይ ያለ ኦስቲዮሳርኮማ ነው፤ ይህኛው እውነተኛ ካንሰር ነው። ዕድሜው ከ1.6 እስከ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ሌላው ማላፓ በተባለ ቦታ በተገኘ የአውስትራሎፒቴከስ ሴዲባ (የጥንት የሰው ዘመድ) የጀርባ አጥንት ላይ ያለ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው፤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከእነዚህ በኋላ ክራፒና በዕድሜ ቀዳሚ አይደለም። በፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ግን ስሙ እንዳለ ነው።

ከመኪና ጭስ፣ ከፋብሪካና ከሲጋራ በፊት የኖረ ሰው እጢ ነበረበት የሚለው ነጥብም ብዙ ተወርቷል። እውነት ነው፤ ግን ለዚህ ሕመም ብዙም አያስገርምም። ለውጡ የሚመጣው ሕዋስ ሲከፋፈል በማኅፀን ውስጥ ነው። ከአመጋገብም ሆነ ከአኗኗር ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነገር የለም። "ምን በልቼ ነው?" ወይም "በእርግዝናዬ ምን አጥፍቼ ነው?" ብላ ለምትጠይቅ እናት መልሱ አንድ ነው፦ ምንም።

ይኸው አጥንት ዛሬ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ቢገኝ

የክራፒናው ቡድን ያልነበረው ነገር ሁሉ እዚህ አለ። የሚገርመው ግን ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለወጥም። አሁንም መጀመሪያ ራጅ ነው። ግራጫው ወጥ ከሆነ፣ ድንበሩ ከጠራ፣ ቅርፊቱ ካልተቀደደ፣ ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ብዙ ጊዜ ከዚያው ይጨርሳል። ሲቲ ስካን ግራጫውን ይበልጥ ያጎላዋል፤ በተለይ የፊትና የራስ ቅል አጥንት ላይ ሲሆን የማየትና የመስማት ነርቮች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች መጥበባቸውን ያሳያል። ኤምአርአይ ግን እዚህ ላይ ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ በኤምአርአይ ላይ አንድ ቋሚ መልክ የለውም። ራጁን ሳያይ ኤምአርአዩን ብቻ ያየ ሰው ለክፉ እጢ ሊወስደው ይችላል።

ሁሉም ሰው ባዮፕሲ (ከአጥንቱ ናሙና መውሰድ) አያስፈልገውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ምስሉ ዓይነተኛ ከሆነ፣ ሕመም ከሌለ፣ አጥንቱን መውጋት ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ግን ናሙና ይወሰዳል። ናሙናውን የሚያነበው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚፈልገው ክር መሰል ሥጋ ውስጥ የተበተኑ ጠማማ የአጥንት ስንጣሪዎችን ነው። በስንጣሪዎቹ ዳር አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ተሰልፈው አይታዩም። ይህ የሰልፍ አለመኖር ከሚመሳሰሉት እጢዎች ለመለየት ይረዳል። አሁንም ካልለየ ናሙናው ላይ የጂናስ ምርመራ ይደረጋል። ምርመራው ከእጢው ራሱ መሆን አለበት። ደም ላይ ተፈልጎ ቢታጣ የለም ማለት አይደለም፤ ለውጡን የሚሸከሙት አንዳንድ ሕዋሳት ብቻ ናቸውና።

ቀጥሎ ክራፒና ላይ የተዘጋው ጥያቄ ይከፈታል። አንድ አጥንት ነው ወይስ ብዙ? ለዚህ የመላ ሰውነት የአጥንት ስካን አለ። ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ የተጠቁት አጥንቶች አጥብቀው ይይዙታል፣ ምስሉም ላይ ይጎላሉ። ጭን አጥንት ከተያዘ በራጅ ይታያል፤ ክብደት ስለሚሸከም ላዩ እየታጠፈ ሊሄድ ይችላል። ቆዳው ይታያል፦ ጠርዛቸው የተቦጫጨቀ ቡናማ ምልክቶች አሉ ወይ? ሴት ልጅ ከዕድሜዋ በጣም ቀድማ የወር አበባ አይታ ከሆነ ይህ ከምንም በላይ ያስጠነቅቃል። ታይሮይድ ይመረመራል። የእድገት ሆርሞን ይመረመራል።

ደም ውስጥ ያለው ፎስፌትም ይለካል። የተጠቃው አጥንት ብዙ ከሆነ ኤፍጂኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ኩላሊት ፎስፌትን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል። ፎስፌት ሲወርድ ቀድሞም ደካማ የነበረው አጥንት ይባስ ይልፈሰፈሳል። አልካላይን ፎስፌቴዝ የሚባለው ኢንዛይምም ከፍ ሊል ይችላል፤ ሕመሙ ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ለመከታተል ይጠቅማል እንጂ ለብቻው ስም አያወጣም።

አንድ ጎን አጥንት ብቻ ሆኖ ከተገኘና ካላመመ፣ ሕክምናው ብዙ ጊዜ መተው ነው። በየጊዜው ማየት ይበቃል። ካመመ፣ ማስታገሻ አለ፤ ቢስፎስፎኔት የሚባሉት መድኃኒቶች ለአንዳንድ ሰው ሕመሙን ይቀንሱለታል፣ እጢውን ግን አያጠፉም። እየሰፋ ካስቸገረ ያ የጎን አጥንት ክፍል በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ሌሎች አጥንቶች ላይ ግን ውስጡን ጠርጎ በአጥንት መሙላት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ያው ነገር ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህ ነው ጭን አጥንት ላይ ቀዶ ሐኪሞች ዘንግ አስገብተው መደገፍን የሚመርጡት።

ክትትሉ ላይ ሰውየው ራሱ የሚያስተውለው ነገር አለ። ዓመታት ዝም ብሎ የኖረ ቦታ ድንገት ማመም ከጀመረ፣ ወይም በወራት ውስጥ ቶሎ ካደገ፣ ራጁ እንደገና ይነሳና ከአሮጌው ጋር ይነጻጸራል። ስብራት ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ራጅ አትጣሉት።